ስለ ብርጭቆ ማስቀመጫ የኪሮሽ ሥራ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የእድራችን ሥራ አመራር ኮሚቴ «ዘንድሮ እርስዎም አንድ ነገር ይናገሩ» ባለኝ ጊዜ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አልተጨነቅሁም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ 33 ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ሠርቼ በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ትልልቅ ነገር ለመናገር ከእኔ የተሻሉ እዚህ ሞልተዋል። እኔ የማወራላችሁ ስፋቱ የመዳፍ ያህል ስለሆነ ነገር ነው፤ ይኸውም በኪሮሽ ስለሚሠራ የብርጭቆ ማስቀመጫ።

ይኼው፣ እዚያ ጥግ ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ነገሩ የእድር ነገር መሆኑን ወደ ኋላ አሳያችኋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ኪሮሽ የምንለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ሜንጦ ማለት ነው። እውነትም መርፌው ጫፉ ላይ ትንሽ ሜንጦ አለው። ዳንቴልም እንዲሁ ፈረንሳይኛ ነው፤ ትንንሽ ጥርስ ማለት ነው። የዳንቴሉን ጠርዝ ብታዩት ጥርስ ጥርስ ይመስላል፣ አይደል? ለገሃር የሚለው ስም የባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይ ቃል እንደ መጣ ሁሉ፣ እነዚህም ቃላት አገራችን ገብተው የእኛው ሆነዋል። አሁን ኪሮሽ ሲባል መርፌውም ኪሮሽ ነው፣ ሥራውም ኪሮሽ ነው።

በእናቶቻችን ጊዜ ዳንቴል የሌለበት ቤት አልነበረም ብል የምታስተባብሉኝ አይመስለኝም። ሬዲዮው ላይ ዳንቴል፣ ኮሞዲኖው ላይ ዳንቴል፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ ዳንቴል፤ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ ልብሱን ያሠራ ነበር። እናቴ ነፍሷን ይማረውና የወር የእድር ክፍያዋን የምትከፍለው ከዳንቴል ሽያጭ ነበር። አባቴ ጋ ሄዳ «ለእድር ስጠኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ቀኑ ሲደርስ ከመሀረቧ ጫፍ ፈትታ ታወጣ ነበር።

ዛሬ ልጆቻችን «ይህ የድሮ ቤት ዕቃ ነው» ይላሉ። በሬዲዮ ላይ ያለውን ዳንቴል ከሆነ እኔም አልከራከራቸውም፤ አቧራ ይይዛል፣ ማጠቡም ሥራ ነው። የብርጭቆ ማስቀመጫው ግን የተለየ ነው፤ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሥራ የሚሠራ ዕቃ ነው። የእኛ የሻይ ብርጭቆ ማንም እንደሚያውቀው ጆሮ የለውም፤ ትኩሱን ሻይ እንደ ያዘ ቫርኒሽ የተቀባ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነጭ ክብ ምልክት ይተዋል። ያ ምልክት በጨርቅ ቢፈተግ አይለቅም፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የያዘውም ብርጭቆ በውጭ በኩል ያልበዋል፤ ጠብታው ወርዶ እንጨቱን ያሳብጣል። ከጥጥ ክር የተሠራ ማስቀመጫ ውሃውን ይጠጣል፣ ሙቀቱንም ያበርዳል። የቡና ሲኒ እንኳ የራሱ ረከቦት አለው። የሻይ ብርጭቆ ምን በደለ?

ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ ይቀመጣል ወይ ለምትሉኝ ደግሞ መልስ አለኝ። በአገራችን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ሸማኔው ግን ወንድ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መወርወሪያ የሚወረውረውን ሰው ተመልከቱ። ሰፊውም ወንድ ነው። በየማረሚያ ቤቱ የእጅ ሥራ እየሠሩ ቤተ ሰባቸውን የሚረዱ ወንዶች አሉ። ሙስሊም ወንድሞቻችን ከሚያደርጉት ኮፊያ ውስጥም በኪሮሽ የተሠራ አለ፤ አሁን በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንኳ ሁለት ይታዩኛል። ክር በወንድ እጅ ቢገባ እንግዲህ ምን አዲስ ነገር አለው?

ወደ ሥራው እንግባ። ዕቃው ሁለት ነው፤ ክርና ኪሮሽ። መቀስና የክር መርፌ ከቤት አይጠፋም።

ክሩ ጥጥ ይሁን። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። የሹራብ ክር የሚባለው አብዛኛው ከፕላስቲክ ዘር የሚሠራ አክሪሊክ ነው፤ ውሃ አይጠጣም፣ ካውያ ሲነካውም ይቀልጣል። ቀለሙ ያማረ ነውና ያታልላል። ክሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጫፉን ቆርጦ በክብሪት ማየት ነው፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ ዐመድ ይሆናል፣ አክሪሊክ ከሆነ ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ኳስ ሆኖ ይቀራል። ይህንንም ቢሆን ልጆች በሌሉበት፣ ውሃ በተሞላ ሣህን ላይ አድርጉት። ጥጥ እንደ ሆነ በአዋሽ ሸለቆ፣ በሁመራ፣ በመተማ የሚበቅል የአገራችን ሀብት ነው። ወፍራም የጥጥ ክር ያጣ ሰው ከሸማ ተራ ድር ገዝቶ አራት አምስቱን አንድ ላይ ይዞ መሥራት ይችላል። በእጅ የተፈተለው ማግ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ክረቱ ላላ ያለ ስለሆነ ኪሮሹ ይበትነዋል።

ኪሮሹ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የውፍረቱ ሚሊ ሜትር ነው። ለዳንቴል የሚሆነው የብረቱ ቀጭን ነው፤ ለብርጭቆ ማስቀመጫ ግን 3 ወይም 3.5 የሚል የተጻፈበት ይሻላል። ለጀማሪ ነጭ ወይም ሌላ ፈካ ያለ ቀለም ክር ይመረጣል፤ በጥቁር ክር ዓይኑ አይለይም። በተለይ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆንን ሰዎች በቀን ብርሃን እንሥራ።

የዓይኖቹ መጠሪያ በየሰፈሩና በየአስተማሪው ይለያያል፤ እኔ ሁለት ስም ብቻ እጠቀማለሁ፤ ሰንሰለትና ቋሚ። ሰንሰለት ማለት ክሩን በኪሮሹ ጠልፎ በቀለበቱ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ ይኸው ሲደጋገም ሰንሰለት ይሆናል። ቋሚ ማለት ደግሞ ክሩን አንድ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ጠምጥሞ፣ ኪሮሹን በዓይኑ ውስጥ አስገብቶ፣ ክር ጠልፎ ማውጣት ነው፤ ያን ጊዜ ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት ይኖራል። ክር ጠልፎ በሁለቱ ማሳለፍ፣ እንደገና ጠልፎ በቀሩት ሁለት ማሳለፍ። አንድ ቋሚ ቆመ ማለት ነው። ይህን በወረቀት ማንበብ አስቸጋሪ ይመስላል፤ በእጅ ሲታይ ግን ሕፃን ይይዘዋል።

እንግዲህ ስድስት ሰንሰለት ሠርቶ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ማያያዝ፤ ክብ ቀለበት ይሆናል። ከዚያ ሦስት ሰንሰለት ወደ ላይ፤ ይህ እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራል። በቀለበቱ ውስጥ አሥራ አንድ ቋሚ ተጨምሮ ድምሩ 12 ይሆናል፤ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጫፍ ጋር ማያያዝ። ሁለተኛው ዙር፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፤ 24። ሦስተኛው ዙር፣ በአንዱ አንድ፣ በሚቀጥለው ሁለት፣ እንደዚሁ እስከ መጨረሻው፤ 36። ክሩ ቀጭን ከሆነ አራተኛ ዙር፣ በሁለቱ አንድ አንድ በሦስተኛው ሁለት፤ 48። በየዙሩ የሚጨመረው 12 ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ቁጥሩ ለምንድን ነው? ብትሉ፣ ክብ ነገር ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር ዙሪያው ይሰፋል፤ ዓይኑም አብሮ ካልበዛ ጠርዙ ይሰበሰብና ማስቀመጫ የነበረው ቆብ ይሆናል። ከሚገባው በላይ ከበዛ ደግሞ እንደ ቀሚስ ጫፍ ይሸበሸባል። ብርጭቆ በቆብም በሽብሽቦም ላይ አይቆምም፤ ይደፋል። ስለሆነም ዙሩ ባለቀ ቁጥር መቁጠር ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ልማድ ስላለኝ ወረቀት አጠገቤ አስቀምጬ አራት ጭረት ወደ ታች፣ አምስተኛውን በላዩ አጋድሜ እመዘግባለሁ።

ለጠርዙ ሦስት ሰንሰለት ሠርቶ፣ አንድ ቋሚ ዘሎ፣ በሚቀጥለው ላይ ማያያዝ ነው። በ36ቱ ዙሪያ 18 ትንንሽ ቅስት ይወጣል፤ ያቺ ናት ጥርሷ። ክሩን ከቆረጡ በኋላ ጫፉን በመርፌ በጀርባ በኩል በቋሚዎቹ ሥር ለሥር መደበቅ ያስፈልጋል። በቋጠሮ ብቻ የተተወ ክር በሦስተኛው አጠባ ይፈታል። ስፋቱ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከአንድ 50 ግራም ጥቅል አራት አምስት ይወጣል። እጁ የለመደ ሰው አንዱን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ጀማሪ ማታውን ሙሉ ይይዘዋል።

ስለ ማድረቅም አንድ ነገር ልበል። እናቶቻችን ዳንቴሉ እንዲቆም በስኳር ውሃ ነክረው ይወጥሩት ነበር። ለአበባ ማስቀመጫ ያምራል። ለብርጭቆ ግን አይሆንም፤ ብርጭቆው ሲያልበው ስኳሩ ይሟሟና ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ተጠርቶ ይመጣል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በፎጣ ላይ በእጅ ዘርግቶ ክቡን አስተካክሎ ማድረቅ ይበቃል። በረኪና ክሩን ይበላዋልና ይቅር።

ገበያ ላይ ፕላስቲኩ በርካሽ አለ፣ ለምን እንደክማለን? የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፣ አለ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሹራብ በማሽን ይሠራል፣ ዳንቴል መሳዩም በማሽን ይሠራል፤ የኪሮሽ ዓይን ግን እስከ ዛሬ ፋብሪካ በብዛት የሚያወጣው ነገር አይደለም። ሱቅ ውስጥ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ካያችሁ የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ ተቀምጦ በእጁ ቆጥሮ ሠርቶታል ማለት ነው። ልጄ አንብባ እንደነገረችኝ፣ በአየርላንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ሕዝቡ በረሀብ ባለቀበት ጊዜ፣ በየገዳሙና በየትምህርት ቤቱ ለሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል እየተማረላቸው፣ ሥራው ወደ ውጭ እየተሸጠ ብዙ ቤተ ሰብ እህል ገዝቶበታል። እኛ ግን ዛሬ በዚህ ሥራ እንኖራለን ብዬ አላታልላችሁም። የክሩ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል፣ የሰዓቱንም ድካም የሚከፍል ገዢ ጥቂት ነው። ለገንዘብ ብላችሁ እንድትጀምሩት አልመክርም።

ታዲያ ለምን ተናገርኩ? አሁን ወደ እድሩ ነገር ደረስን።

እድራችን የሚሠራውን ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ሲያርፍ ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይወጣል፣ ብርጭቆና ትሪ ከዕቃ ግምጃ ቤት ይመጣል። ሠልስቱ እስኪወጣ ቤቱ ሰው አይጎድለውም። ከዚያ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ዕቃው ተቆጥሮ ይመለሳል። ለዕቃው ቆጠራ መዝገብ አለን፤ ስንት ብርጭቆ ወጣ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ተሰበረ። በቤቱ ውስጥ የቀረውን ሰው ግን ማን ይቆጥረዋል?

ባለቤቴ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በስኳር በሽታ አርፋለች። ጊዜው ኮሮና የገባበት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለበት ነበር። እድራችን ገንዘቡን በሰዓቱ አምጥቶ ሰጥቶኛል፤ ድንኳን ግን አልተተከለም፣ ሊተከልም አይችልም ነበር። ሰው በር ላይ ቆሞ፣ አፉን ሸፍኖ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ይሄዳል። ማንንም አልቀየምኩም። ልጆቼ ከየቦታው በስልክ ያለቅሱ ነበር። እኔ ሬዲዮ ከፍቼ ምን እንደሚል ሳልሰማ እውላለሁ።

አንዲት የእድራችን እናት ናቸው፤ ስማቸው እንዲጠራ አልፈቀዱም፤ እዚሁ ተቀምጠዋል። ወር ከምናምን ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ በርጩማቸውን ይዘው መጡና በረንዳው ወዲያ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ወዲህ ጫፍ ነኝ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ክርና ኪሮሽ በፌስታል አድርገው መሀል ላይ አስቀመጡልኝ።

«እማማ፣ እኔና ክር ምን አገናኘን?» አልኳቸው።

«መዝገብ ቤት ስትቆጥር አይደል የኖርከው? ይኸንንም ቁጠር» አሉኝ።

ሌላ ነገር አልተናገሩም። እሳቸው በራሳቸው ክር እያሳዩ፣ እኔ ማዶ ሆኜ እያየሁ፣ እስከ 11 ሰዓት ቆየን። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጡ። ክረምቱን በሙሉ መጡ። ዝናብ ሲሆን ከበሩ ውስጥ እኔ፣ ከደጅ ክዳኑ ሥር እሳቸው። ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው «ስንት ደረስክ?»፣ «ሃያ ሁለት»፣ «ሁለት ይቀርሃል» ብቻ ነበር።

ይህን ለምን እነግራችኋለሁ? ኀዘንተኛን ለመጠየቅ ስንሄድ የሚከብደን የምንለው ነገር ማጣት ነው። በሠልስቱ ጊዜ ሕዝብ አለ፣ ወሬ አለ፣ ካርታ የሚጫወትም አለ። በሁለተኛው ወር ብቻችንን ሄደን ፊት ለፊት ስንቀመጥ ግን ቃል ያልቅብናል፤ ቃል ሲያልቅ ደግሞ እንነሣለን፤ ሁለተኛ ለመሄድም እንፈራለን። እጅ ሥራ ሲይዝ ዝምታው አያሳፍርም። ሁለት ሰዓት ያህል ሳይነጋገሩ አብሮ መቀመጥ ይቻላል። ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋም 36 እስኪሞላ ሌላ ነገር አይታሰብም፤ ከታሰበ ቁጥሩ ይጠፋልና ተፈትቶ እንደገና ይጀመራል። መድኃኒት ነው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። በእኔ ላይ የሆነውን ነው የምናገረው።

ለምን ትልቁን የአልጋ ልብስ ትታችሁ ትንሿን ማስቀመጫ ያዛችሁ ብትሉም ምክንያት አለው። ኀዘንተኛ ሰው ዓመት የሚፈጅ ሥራ ቢሰጡት ጥሎት ይተኛል። ይህቺ ግን የተጀመረች ዕለት ታልቃለች። ጧት ሲነሣ ትናንት የጨረሰው ነገር ጠረጴዛው ላይ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ልቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ሳይነሣ፣ ክር ይዞ መግባት ነውር ነው፤ ይህን የሚያደርግ ቢኖር ከሁሉ በፊት እኔ እቆጣለሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱ የኀዘን ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱ መከበር አለበት። እኔ የምለው ሥርዓቱ ሁሉ አልቆ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ከተመለሰ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ፈቅዶልኝ አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይህ አዳራሽ ባዶውን ከሚዘጋ ለኪሮሽ ይከፈት። እናቶች የሚያውቁትን ያስተምሩ፤ የብዙዎቹ እናቶች እጅ ያማቸዋል፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው፤ የዛሬ አምስት ዓመት ማንን እንደምንጠይቅ አላውቅም። ጡረታ የወጣን ወንዶችም እንምጣ፤ ከቀበሌው አጥር ሥር ተደርድረን አላፊ አግዳሚውን ከምንቆጥር ቋሚ ብንቆጥር ይሻላል። ሁለት ዙር የያዘ ሰው ሲገኝ ደግሞ፣ በዓመቱ ውስጥ ኀዘን ወደ ደረሰበት አባል ቤት ሁለት ሁለት እየሆንን እንሂድ። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወደ የካ አባዶና ወደ ቱሉ ዲምቱ የሄዱ አባሎቻችን አሉ፤ ክፍያቸውን አላቋረጡም፣ ለቅሶም ይደርሳሉ፤ እነሱ ዘንድ ግን ማን ሄደ? ርቀቱ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። በታክሲ ውስጥም ኪሮሽ ይሠራል።

ከእድሩ ገንዘብ አንድ ሣንቲም አልጠይቅም። ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን ክር ከእኔ ይሆናል፤ ኪሮሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጉባኤው ከፈቀደ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ወንበሮቹን ጎን ለጎን እናደርጋቸዋለን፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ መማር ቀኙን ግራ እያደረገ ያደናግራልና። ግራኝ የሆነ አባል ካለ ግን እሱ ከአስተማሪው ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ እንደ መስተዋት ያየዋል። መነጽር ያላችሁ ደግሞ መነጽራችሁን እንዳትረሱ።